ለልጄ ለሊድያ ቃል አስተርጓሚ ስለ መፈለግ

ለተከበሩ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍና ጥብቅና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፤ ከነቤተሰብዎና ከነሠራተኞችዎ እንደምን ሰነበቱ? የዘንድሮው የኅዳር ብርድ ወደ ቢሮዎ እንዳይዘልቅ ጸሎቴ ነው። እኔ የበከኒሳ ቀሴ ነዋሪ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መሸሻ ደረሳ ነኝ። መስማት የተሳናት ልጄ ሊድያ በወይዘሮ ኸይሪያ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ ከሥራ ስትመለስ ባጃጅ ከኋላዋ ገጭቶ ቀኝ እጇን ሰበረው። አሽከርካሪው ለፖሊስ «ሦስት ጊዜ ክላክስ አደረግሁ፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም» ሲል ቃሉን ሰጠ። ተጻፈለት። የእሷን ቃል የሚያስተረጉም ሰው ፍለጋ ወደ ደጅዎ መጣሁ፤ ስለ ተደረገልኝም ሁሉ በየተራ ማመስገን ይገባኛል።

1ኛ/ በመጀመሪያው ቀን የተቀበሉኝ ትሑት ሠራተኛዎ ወንበር ስበው ካስቀመጡኝ በኋላ፣ አቤቱታ የሚመዘገበው በነጻ የስልክ መስመር ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። እኔ ልደውል ብላቸው «አይሆንም ኦቦ መሸሻ፤ ባለጉዳይዋ ራሷ ደውላ በድምጿ ማመልከት አለባት» አሉኝ። ልጄ እንደማትሰማና እንደማትናገር ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ሲሻላት ትደውል» አሉኝ። ስለ መልካም ምኞታቸው ጌታ ይባርካቸው።

2ኛ/ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ጥብቅና ይሰጣሉ ተብለው የተለጠፉትን ሦስት ማኅበራት ፍለጋ አሥራ አንድ ቀን በእግሬ መዞሬ ለጤናዬ ጠቅሞኛል። አንደኛው ከተማ ለቅቋል፤ የሁለተኛው ክፍል የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። የሦስተኛው ሊቀ መንበር ዓይነ ስውር ሲሆኑ፣ እጄን ጨብጠው «እኛም ጠበቃ እየፈለግን ነው፤ ካገኙ ይንገሩን» አሉኝ።

3ኛ/ የምልክት ቋንቋ የምታውቀውን መምህርት ዱረቲን ከአኖ ለምኜ በሚኒባስ አመጣኋት። የፖሊስ መርማሪው ግን አስተርጓሚ የምቀበለው ከእርስዎ ቢሮ በደብዳቤ ሲላክ ነው አለን። አመለከትን። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ማኅተሙን የያዙት ሰው ፈቃድ ወጡ። ደብዳቤው በዘጠነኛው ሳምንት፣ ስሟ እንኳ ሳይሳሳት፣ እጅግ አምሮ ወጣልን። ይዘነው ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መዝገቡ ተዘግቷል። ምክንያቱ «ተጎጂዋ ቃሏን ለመስጠት ባለመቻሏ» ይላል።

ሊድያ ከጎኔ ቆማ ነበር። የተሰበረው እጇ ጣቶች አልታጠፍ ብለዋል፤ ለመርፌም ለንግግርም አልሆኑ። የሆነባትን ሁሉ በግራ እጇ፣ እየተሳሳተች፣ እየደገመች ለመርማሪው ነገረችው። ዱረቲ ተረጎመችላት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፤ እስክሪብቶ ግን አላነሣም። ውጭ ስንወጣ ሊድያ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ጻፉት?» ብላ በምልክት ጠየቀችኝ።

«ጻፉት» አልኳት። ዱረቲ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሊድያ በየማለዳው ለባብሳ፣ ከፖሊስ የሚጠራት ሰው እስኪመጣ በር ላይ ትቀመጣለች። እውነቱን እንዳልነግራት አቅም አጣሁ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ክቡር ሆይ፤ ሰው ቃሉን እንዲያሳምር ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ለልጄ የምላት ጠፋኝ።

ለወሰድሁብዎ ውድ ጊዜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ፣ የእኔን ዓይነት ባለጉዳይም እንዲቀንስልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

መሸሻ ደረሳ
የሊድያ አባት

ማስታወሻ፦ ሊድያ በአካል ጉዳተኞች ቀን በዓል ላይ ፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ ከእርስዎ ጋር ፎቶግራፍ እንድትነሣ የላኩልን የጥሪ ካርድ ከፖሊስ ጣቢያ በተመለስን ማግስት እቤታችን ድረስ ደርሶናል። ካርዱን ያመጣውን ሰው ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ በሁለት እጇ የተቀበለችው እሷ ናት፤ ከፖሊስ የመጣ መስሏት ነበር።