ለዘመድ አላዳላም ብዬ

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ፣ እንደ እህትም እንደ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነላት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ የልቤን ግን አንብበሽ ድረሺበት።

በውክልናሽ የያዝኩት ክስ ማክሰኞ ተፈረደ። ረትተናል። ባልሽን የገደለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር የመጣው የእንፋሎት ቧንቧውን ሙቀቱ እንዳያመልጥ ሲያለብስበት ከኖረው ከአስቤስቶስ ብናኝ ነው፣ ተጠያቂውም አሠሪው ድርጅት ነው ብለዋል ዳኛዋ። እልል በዪ ልልሽ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።

እንደምታውቂው ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የአፍንጫ መሸፈኛውን ቆጥብ ቢለኝ ከባለቤቱ በላይ ባለቤት ሆንኩ። ሠራተኛው "ቋጣሪው" ሲለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። መሸፈኛው የሚወጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ከየፊታቸው ለቅሜ ወደ ካርቶኑ እመልሳለሁ። የባልሽን ቀልድ ታውቂው የለ፣ "ቶሎ ፎቶ አንሱን፣ ቋጣሪው ሳይነጥቀን" ይል ነበር። በየወሩ "ተቀብያለሁ" የሚለውን ቅጽ ሳዞር ደግሞ አማቼን አላስጠይቅም ብሎ ቀድሞ የሚፈርመው እሱ ነው። እሱ ከፈረመ ማን ይቀራል?

የድርጅቱ ጠበቃ እነዚያን ፊርማዎች ይዞ ቀረበ። መሸፈኛው ተሰጥቶት ካላደረገ ቸልተኛው ራሱ ሟቹ ነው አለ። ይብላኝ ለእኔ! ሁለት ቀጠሮ ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ከተናገርክ አንተም አትተርፍም ብሎኝ ነበር፤ ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ የድርጅቱ ጠበቃ "ቸልተኛ" የምትለዋን ሲደግማት ግን አላስቻለኝም። ጠበቃችንን እጁን ይዤ ምስክር አድርገኝ አልኩት፤ መሸፈኛውን እንዳልሰጠሁ፣ ቅጹን በባዶ እንዳስፈረምኩ ተናገርኩ። ዳኛዋ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ነው አልኳቸው።

ጠበቃችን አንተ ታዘህ ነው፣ ሕጉ የሚይዘው አሠሪውን ነው ይለኛል። ይሁን። ግን እትዬ፣ ፍርድ ቤቱ ያልጠየቀኝ አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን ባልሽ ቀልዱን ትቶ መጣ። ብናኙ ጉሮሮዬን ቧጠጠው፣ እባክህ አንዷን ስጠኝ አለኝ። ካርቶኑ ከኋላዬ ነበር። ላንተ ብሰጥ ለዘመዱ አዳላ ይሉኛል ብዬ መለስኩት። እሱም ልክ ነህ ብሎ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ምነው እጄን በቆረጠው! ይህን እንዳደርግ ማንም አላዘዘኝም። እሁድ ቤታችሁ መጥቼ ለዘመድ የማያዳላ ወንድም አለሽ ብዬ ፎከርኩብሽ፤ አንቺም ስለማታውቂ መረቅሽኝ።

ለቅሶው ላይ አቅፈሽ አንተ አለህልኝ ስትዪኝ ልነግርሽ ነበር፤ ወኔ ከዳኝ። ውክልናውንም ስትሰጪኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። አሁን ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ግን አትንገሪያት፣ አትችለውም። ትንሿን ልጅሽን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለትልቁ ልጅሽ ሰላምታዬን ከማድረስሽ በፊት ደብዳቤውን አንብቢለት። ከዚያ በኋላም አጎቴ ብሎ ከጠራኝ፣ ያኔ ሰላም በዪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ሠፈር፣ ኅዳር 14 ቀን