የተዘለለው ረድፍ

ለተወደድከው ወንድሜ ለጎርደን፣

የጌታ ሰላም ካንተ፣ ከባለቤትህ ከኛፑዎክና ከልጃችሁ ከሙት ጋር ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? የሜልበርን ብርድ ወገብህን ተወት አደረገህ? እኛ ከወባ ትንኙ በቀር ደህና ነን። ባሮ ሞልቷል፤ መብራት እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል።

አሁን የምጽፍልህን ነገር በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። አማርኛ ስለማያነብ ይህንን ግን እዚሁ ፊቱ እየጻፍኩ ነው። ወደ ሜልበርን የሚመለሰው ጀምስ ነገ በአውሮፕላን ስለሚነሳ ያደርስልሃል።

ምን እያጠናሽ ነው ላልከኝ፣ ስለ ስበት ነው። ጠፈርን ከጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች በኮምፒውተር እየገጣጠምን እንሠራለን። ሦስት ማዕዘኖቹ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ረድፎቹ የጊዜ ቅደም ተከተል ናቸው። አንዱ ረድፍ የሚያያዘው ከሚቀጥለው ጋር ብቻ ነው፣ መዝለል ክልክል ነው። ባለፈው ወር ደንቡን አንስቼ ሞከርኩት። ጠፈሩ ጭምድድ ብሎ ሁሉም የሁሉም ጎረቤት የሆነበት አንድ ድብልብል ነገር ሆኖ ቀረ። ደንቡን ስመልሰው ተዘረጋ።

ለአባባ ስነግረው ብዙም አልገረመውም። ከማን እንደተወለደ የማያውቅ ሰው ማንን ማግባት እንደማይችል በምን ያውቃል፣ እርስ በርሱ ተጋብቶ ያልቃል አለ። ሦስት ማዕዘን አይጋባም ብዬው ተሳሳቅን። ከዚያ በልጅነታችን እንደሚያደርገው የዘር ሐረጋችንን ከላይ ጀምሮ መቁጠር ያዘ።

የአያቶቻችንን ስም አንድም ሳይስት ወርዶ ራሱ ላይ ደረሰና፣ «ጋትዌች ሙትን ወለደ» አለ። እማማ ሙት እኮ የጎርደን ልጅ ነው ብትለው፣ «ጎርደን የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ቀልድ መስሎን ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በእንግዶች ፊት ደገመው። ሐኪም ቤት ብንወስደው፣ ሐኪሙ መርሳት የሚጀምረው ከቅርቡ ነው፣ እየባሰም ይሄዳል ብሎናል። ሙትን ያልረሳው ፎቶው ግድግዳው ላይ ስላለ ይመስለኛል። ያንተን የሰቀለ የለም፤ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

እኔ ነገሮችን ረጋ ብዬ ማየት ለምጃለሁ፣ ይኼኛው ግን አስፈርቶኛል። ፎቶ አትላክ። ራስህ ና፣ ድምፅህን ሳይረሳ ድረስ።

እማማ አንተን፣ ኛፑዎክንና ሙትን ስማችኋለች። አባባንም ለማን ሰላምታ ልጻፍልህ ብዬው ነበር። ለሙትና ለእናቱ አለኝ። ላንተ የጻፍኩት የራሴን ነው።

እህትህ ኛቴኒ
ጋምቤላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.