የፒክአፓችን ቀይ ምልክት

የዘይነባ አባት፣ ውዴ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። እኛ ደህና ነን። ዘይነባ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ክረምቱ የጓሮውን አጥር ጥሎብን ጎረቤቶች ተሰብስበው አቆሙልን። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ፒክአፓችን ነው። ከመንገድ ስትመለስ እንኳ ከእኔ በፊት እሷን ዞረህ የምታይ ሰው ስለነበርክ፣ ወሬዋ እንደናፈቀህ አውቃለሁ።

አሁን የሚነዳት ወንድምህ ከድር ነው። እንደ አንተው ከሆለታ ድንች እየጫነ መርካቶ ያራግፋል፣ እኛም በዚያ እንኖራለን። ደግ ነው፤ ግን ጎረምሳ ነውና ነዳጅ ላይ እግሩ ይከብዳል። ለኮልፌ ጭቃ ብለህ ትልልቅ ጎማ ካስገባህላት ወዲህ የፍጥነት መለኪያው አሳንሶ እንደሚያሳይ፣ ሃምሳ ሲል ስድሳ እንደምትሄድ ነገርኩት። እትዬ ደግሞ መቼ ሹፌር ሆንሽ ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ቀን አመድ መስሎ ገባ። ኩርባው ላይ ከነድንቹ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሃምሳ ነበር የሚለው እያለ ይምላል፤ እውነቱን ነው። አንተን በበሽታ ቀበርኩህ፣ እሱን ደግሞ በዚህች መኪና ልቅበር?

ያንተ ዘዴ ትዝ አለኝ። ለጃንሆይ የዘውድ በዓል መንገዱ ጭር ሲል የእጅ ሰዓትህን ይዤ ከድር አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠቋሚውን ሃምሳ ላይ እንዲያቆየው አደረግሁና ከአንዱ የኪሎሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው ሰዓቱን ተከተልኩ። ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ አንድ ዙር ስትጨርስ ድንጋዩ ጋ ደረስን። በደቂቃ አንድ ኪሎሜትር፤ ስድሳ ማለት ነው። ከድር እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

በተጋባን ሰሞን በዚሁ መንገድ ወስደህ ስታስቆጥረኝ፣ ሙሽራ ለሽርሽር ወጥታ ድንጋይ ትቆጥራለች እንዴ ብዬ አኩርፌህ ነበር። ያን ቀን ያለችኝን አንዲት የጥፍር ቀለም ወስደህ መለኪያው መስታወት ላይ፣ ሃምሳው ጋ፣ ቀይ ምልክት አደረግህ። ጠቋሚው ይህን ሲያልፍ ቆንጥጪኝ አልከኝ። ስንቴ ቆነጠጥኩህ! ክንድህ እየበለዘ ትስቅ ነበር። አላህ ይስጥልኝ፣ ያስተማርከኝ ወንድምህን አተረፈልኝ።

ከድር በማግስቱ እኔንም ይዞ መኪናዋን መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩም የመለኪያውን ገመድ የምታዞረውን ትንሽ ጥርሳም ቁራጭ ለጎማው በሚስማማ ቀየራት። እንደገና በሰዓትህ ለካን፤ አሁን ስድሳ ሲል ስድሳ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ የምንደምረው የለም።

መካኒኩ መስታወቱን በቤንዚን ጨርቅ ሊወለውል ሲል ግን ጮኬ እጁን ያዝኩት። ሰውዬው ደነገጠ። ከድር ነው ያስረዳልኝ፤ ይህ የወንድሜ ነው፣ አይነካም አለው። መለኪያው ከተስተካከለ ወዲህ ያ ምልክት ድሮ ካሰብከው ያነሰ ፍጥነት ላይ ነው ያለው። ከድር ያውቃል፤ ያም ሆኖ አያልፈውም። ድንቹ ትንሽ ዘግይቶ መርካቶ ይደርሳል፣ እሱም ትንሽ ዘግይቶ እቤቱ ይገባል። ይግባልኝ እንጂ።

ባለፈው ጁምዓ ዘይነባን መሃል አስቀምጠን ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ ጠቋሚው ቀዩን ሊነካ ደረሰ። እጄ ሳላስበው ለመቆንጠጥ ተነሳ። ከድር ግን ቀድሞ ፍሬን ያዘ። የተነሳውን እጄን ምን ላድርገው? የዘይነባን ራስ ዳበስኩበት።

አልረሳህም፣ የዘይነባ አባት። ቀለሙ በፀሐዩ እየደበዘዘ ነውና ትናንት ወጥቼ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ሻጯ ያምርብሻል አለችኝ። ለጥፍሬ እንዳልሆነ አልነገርኳትም።

ያንተው፣ የዘይነባ እናት