የጾም ዳቦ

አንኮበር፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአስካለማርያም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የነርስ ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ ክብሩ ይስፋ፣ አለን። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ ይህን በሌላ ሰው አስጽፌው የሚሆን አይደለም።

አባትሽ ደኅና ናቸው። እውነቴን ነው። ያ የውኃ ጥማታቸው ቀንሷል፣ ዓይናቸውም ገለጥ ብሏል። የኔ ጭንቅም ከዚሁ ይጀምራል።

ሐኪሙ ያለንን አብረን ሰምተናል። "ዳቦ ብቻውን ሲበሉ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ስስ ሆኖ የተጠበሰ ዳቦ ከእንቁላል ጋር ይብሉ" ነበር ያለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን እንቁላሉ ቀረና ዳቦው ብቻውን ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጽና እንደያዙ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ ወደቁ። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደአረጋይ መጥተው "ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፣ ይብሉ" ቢሏቸው፣ "እኔ ቄሱ እንቁላል እየበላሁ ማንን ጹም ልበል?" ብለው ድርቅ አሉ። ድርቅናቸውን ታውቂዋለሽ፤ በቅሎ ይሻላል።

ታዲያ እኔ ቆሜ ልቅበራቸው? እንቁላሉን ከሊጡ ጋር አሸሁት። ዳቦውን ስስ አድርጌ ቆረጥሁና ፍም ላይ ጠበስሁት፤ የፍሙ ሽታ የእንቁላሉን ይሸፍንልኛል ብዬ። በሉ። በማግሥቱም በሉ። ቅርፊቱን አመድ ውስጥ እቀብራለሁ። ጎረቤታችን እናናየሁ ለፋሲካ የማጠራቅምበትን ቅርጫት አይታ፣ "ምነው አልታየች፣ የናንተ እንቁላል በእግሩ ሄደ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። "ሸለምጥማጥ ነው" አልኋት። ሸለምጥማጡስ እኔው ነኝ።

አስካልዬ፣ አባትሽ ካለፈው እሑድ ወዲህ አይቀድሱም። "እግሬን አሞኛል፣ መቆም አልችልም" አሉ። መቆም አልችልም ያሉት ሰው ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጅ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። ሥጋ ወደሙንም አይቀበሉም። ትናንት ማዕድ ላይ ቁራሹን ጨርሰው፣ እኔን ሳያዩ፣ "ዳቦሽ መልካም ነው አልታየች፣ እንዳትለውጪው" አሉኝ። ቀና ብዬ ሳላያቸው ማዕዱን አነሣሁ።

ልጄ፣ ወዲህ ብል ገደል፣ ወዲያ ብል ገደል ሆነብኝ። ብተወው ዳግመኛ ይወድቁብኛል። ብቀጥል ዕድሜያቸውን ካገለገሉበት መቅደስ እንደወጡ መቅረታቸው ነው። ተናግሬ በጆሯቸው ከሰሙት ደግሞ ከእጄ አንዲት ቁራሽ አይቀምሱም። ስለዚህ እሳቸውም ዝም፣ እኔም ዝም። ማዕድ ላይ እንደ እንግዳ ሆነናል።

በድንጋጤ መጀመሪያ ያላሰብሁትን አሁን ሐኪሙን ጠይቂልኝ፤ እንቁላሉን የሚተካ የጾም እህል የለም? ባቄላም ሽምብራም ቢሆን ይንገረን። ለትንሣኤ ሌሊት መቅደስ ገብተው ባያቸው።

እመቤቴ በጥላዋ ትከልልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ።

እናትሽ አልታየች

መልስሽ ላይ እንቁላል የሚል ቃል እንዳታገቢ፣ አደራ። እንደምታውቂው፣ እኔ ማንበብ ብችልም ደብዳቤሽን ጮክ ብለው የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ላይ ሲደርሱ እንደማያውቅ ሰው ሆነው ማንበብ ያቅታቸዋል።