«ወንድ ይሁን» የተባሉት ኡልቦሲን

እህታችን ዶክተር ኡልቦሲን ጃንዶስ፣ ከአባታቸው ከአቶ ጃንዶስ እርመክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባልከን እ.ኤ.አ. በ1951 በካዛክስታን፣ በቶርጋይ ሜዳ፣ በሳሪቡላቅ መንደር አምስተኛ ሴት ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ወንድ ልጅ ቢናፍቃቸው ኡልቦሲን፣ ማለትም «ወንድ ይሁን» አሏቸው። በእኛ ዘንድ ይህ ስም የሚወጣው ለሚቀጥለው ልጅ ተብሎ ነው። ስሙም ሠራ፤ ይህን የምጽፈው እኔ፣ ታናሽ ወንድማቸው ኤርሳይን፣ ተከትዬ መጣሁ። «አንተ የመጣኸው በእኔ ስም ነው» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን አሹፈውብኛል።

በአዳሪ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአልማቲ ሥነ ሕይወት አጥንተው፣ በሜዳችን አጋዘን በሳይጋ አወላለድ ላይ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ፍጥረት ሁሉ ዕድሜውን የሚያብቃቃበት የየራሱ ዘዴ አለው ይሉ ነበር። ንስር ዘግይቶ፣ ጥቂት ፈልፍሎ ብዙ ዘመን ይኖራል። ሳይጋ ግን በአንድ ዓመቷ መውለድ ትጀምራለች፣ ከዚያ መንታ መንታውን ነው፤ የበረዶው ወራት ቢፈጀውም መንጋው ቶሎ ይሞላል።

በ1978 ከአቶ ባይዛቅ ጋር ጎጆ ወጥተው አንዲት ልጅ፣ ማርጃንን ወለዱ። አማታቸው፣ «ሳይጋ እንኳ መንታ ስትወልድ አንቺ በአንድ ቆምሽ?» ቢሏቸው፣ «እማማ፣ ሳይጋ ግማሹን ለተኩላ ነው የምትወልደው። እኔ ለተኩላ የምሰጠው የለኝም» ብለው መለሱ። አማትየው ስቀው ነገሩን ዳግም አላነሱትም።

በዘጠናዎቹ ዓመታት የሳይጋ ቀንድ ለመድኃኒት ተፈላጊ ሆነ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። አዳኞቻችን «እናቲቱን ተዋት፣ አባትየውን ውሰድ፤ መንጋ አይጎድልም» የሚል የአባቶች ብሂል ነበራቸው፤ አንድ ወንድ ለብዙ ሴት ስለሚበቃ ድሮ እውነት ነበር። እህቴ ግን በፀደይ ወደ መውለጃው ሜዳ ቢወርዱ እናቶች ሞልተዋል፣ ግልገል የለም። ሌላው በሽታ ነው አለ። እሳቸው ወንዱ አልቆ እናቶቹ ሳያረግዙ መክረማቸውን ደረሱበት። በሚመጣው የስሪያ ወር ወንዶቹ ካልተረፉ መንጋው በዓይናችን ሊጠፋ ነበር።

አዳኞቹ ወደተሰበሰቡበት ወደ አቶ ዶስቦል ቤት ብቻቸውን ሄደው ዘንድሮ ወንዱን እንዳይተኩሱ ጠየቁ። አቶ ዶስቦል የታወቁ ተኳሽ ነበሩ። «አንቺ ልጅ፣ ወንድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አሏቸው።

«ጋሼ ዶስቦል፣ አባቴ ወንድ ይሁን ብለው ነው ስም ያወጡልኝ። ስሜን ለሳይጋዋ ሰጥቻለሁ። ዘንድሮ ለእሷም ወንድ ይሁንላት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዓመት ጠመንጃቸውን መጀመሪያ የሰቀሉት አቶ ዶስቦል ናቸው፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በሁለተኛው ፀደይ ሜዳው መንታ አየ። ኋላም መንጋው ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሜዳው ሬሳ በሬሳ ሆኖ ሰው ሁሉ አለቀለት ሲል፣ እህቴ ወንዱም ሴቷም ካለ ይመለሳል አሉ፤ ተመለሰም። ኮራሁባቸው፤ ዛሬም በአስከሬናቸው ፊት ቆሜ እኮራባቸዋለሁ።

እህቴ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሳይጋዎቹ በሚወልዱበት በግንቦት ወር 2022 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጃቸው ማርጃን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁለት እህቶቻችንና እኔ አለን።

ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሦስት ወንዶች ባሉበት በአቶ ዶስቦል ልጅ ቤት ሴት ተወለደች። ሽማግሌው ኡልቦሲን በሏት አሉ። «ወንድ ጠግበን የለም እንዴ፣ አባባ?» ቢሏቸው፣ «ወንድ ማን ጠየቀ? እንደ ሴትዮዋ ትሁንልኝ ብዬ ነው» አሉ። እህቴ ይህን አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ፤ አለቀሱም።

ማረፊያቸው ጀነት፣ አፈራቸውም ሐር ይሁን።