ክፍት ነን፣ ይምጡ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ዘጠኝ
ከጎሚስታ ቤታችን፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ

ለምወድህና ለምታበሽቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ኩርፊያህ፣ ያቺ ጺም ልትሆን የምትታገለው አገጭህ ላይ ያለችው ነገር፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ እንድጽፍልህ ትጠብቅ ይሆናል፤ አልጽፍም። ክፍሉ በሙሉ የኔ ሆኗል፣ የሚያንኮራፋም የለም። ምን ያደርጋል፣ እንቅልፉም አብሮህ ሄደ።

በእጅ ጽሑፌ እንዳትስቅ። ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጫለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ፤ ካላገኘኸው ደግሞ ቀለም የቆጠርከው አንተ ነህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የከባድ መኪና ሹፌሩ ነው፣ ያ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላው። ዛሬ ጠዋት ደጃችን ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የፊት ጎማውን የብረት ቸርኬ አጣምሞ መጣልን። ጉድጓዱን መቼም ታውቀዋለህ። ከሄድክ ወዲህ አድጓል። ሰፈርተኛው ገበያ እንዲመጣላችሁ ማታ ማታ ትቆፍሩታላችሁ እያለ ያማናል። እኔም ቆፋሪ እንደቀጠርን እያወራሁ አባብሳለሁ።

ጎማውን ስፈታለት፣ "ወንድምሽን አገኘሁት። ልቡ ተሰብሯል" አለኝ።

"በምን? እሱም ጉድጓድ ገባ?"

"ተይ አንቺ ጦጣ፣ ሁሉ ነገር ቀልድ አይደለም። ደጋግሞ ለአባቱ ደወለ። 'አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልምጣ?' ሲለው እንደ ማንም ደንበኛ 'ክፍት ነን፣ ይምጡ' ብሎ ጠረቀመበት። ሁለተኛ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም ብሏል።"

የያዝኩት መፍቻ አምልጦኝ ወደቀ። የወደቀው እግሬ ላይ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው አንተ ነህ። ስልክ ቁጥርህን ብለምነው "ለቤት ሰው እንዳልሰጥ አስምሎኛል" አለ። ደብዳቤ እንዳያደርስ ግን አላስማልከውም።

ወንድም ጋሼ፣ አባዬ አይሰማም።

ግትር ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጆሮው አይሰማም። የደረስኩበት በተንኮሌ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዤ ከአባዬ ጀርባ ተደበቅሁና ንፋሱን ወደ ጣሪያው ለቀቅሁት። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው የታክሲ ሹፌር ሻዩን ጭኑ ላይ ደፍቶ ዘለለ። ድመቷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። አባዬ ግን የሚለጥፈውን የጎማ ካላማደሪያ መፋቁን ቀጠለ። ስስቅ ስስቅ ቆየሁና ቱቦውን ጣልኩት። "አባዬ" አልኩ። ደገምኩት። ፊት ለፊቱ ስቆም ነው "ምነው ገረጣሽ?" ያለኝ።

ለሰው እንዲነገርበት አይፈልግም። የውሃ ገንዳው ውስጥ የማይገባ ትልቅ ጎማ ሲመጣ ቀዳዳውን በጆሮው ነበር የሚያገኘው፤ አልሰማም ካለ ደንበኛ ይሸሸኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ አሁን ጆሮዬን ጎማው ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። በጣቴ አሳየዋለሁ፣ እሱ ይደፍናል። ደንበኞች "ምን አለሽ ጎማው?" ሲሉኝ "ሹፌሬ ዓይነ ስውር ነው ይላል" እላቸዋለሁ። ጎማ ደግሞ ሲተነፍስ ሰዓት አይመርጥም፤ ጠዋትም ከሰዓትም መገኘት አለብኝ።

ስልኩ ሲጠራ መብራቱን አይቶ ያነሳል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ለዓለም ሁሉ ያዘጋጀው መልስ አንድ ነው፤ "ክፍት ነን፣ ይምጡ" ይልና ይዘጋል። አክስታችን ታምማ ብትደውል "ክፍት ነን፣ ይምጡ" አላት። ድናም አኩርፋለች። አንተም ቁጥርህን ቀይረህ ደወልክና ከሷ ጋር ተሰለፍክ።

ያን ቸርኬ አልረሳኸውም መቼም። የደንበኛ መኪና ሳታስፈቅድ ይዘህ ወጥተህ፣ የዓለም ጎዳና ሞልቶ ተርፎ ደጃችን ጉድጓድ ውስጥ ያጣመምከውን። አባዬ ለሰውየው አዲስ ተካለትና አንተን ሰው ፊት "ከዓይኔ ጥፋ" አለህ። ታዛዥ ልጅ ሆነህ ጠፋህ። ከዚያ በፊት የትኛውን ትእዛዙን ፈጽመህ ታውቅ ነበር?

ቸርኬው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ያወርደውና ያሽከረክረዋል። አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፣ በመዶሻ ነካ ነካ ያደርገዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። "አልተቃናም?" ብዬ በእጄ ስጠይቀው "ገና ነው፤ ያጣመመው መጥቶ ይጨርሰዋል" ይለኛል። እሱ ዞር ሲል ባላንስ ማድረጊያው ላይ አስሬ አሽከረከርኩት። ወዲያ ወዲህ አይወዛወዝም። ከተቃና ቆይቷል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። መኪና ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ የቤታችን ወለል ይርዳል፤ አባዬ በእግሩ ይሰማዋል። በርጩማው ላይ እንዳለ ቀና ይላል። መጀመሪያ ገበያ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። የሚያየው ግን ጎማውን አይደለም። ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ነው። ያይና ወደ ሥራው ያቀረቅራል።

አሁን ይህን ስጽፍ መጥቶ ላዬ ላይ ቆመ። "ለማን ነው?" አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቸርኬ አሳየሁት። እጁን በጨርቁ ጠረገ። ንጹህ ነበር፣ እንደገና ጠረገው። ከዚያ "ክፍት ነን፣ ይምጣ በይው" አለ።

እንግዲህ ሰምተሃል። ሹፌሩ ሲመለስ አብረኸው ና። ክፍሉን አካፍልሃለሁ፣ ብታንኮራፋም አፍንጫህን አልይዝም፤ ማለቴ፣ በየቀኑ አልይዝም። ሹፌሩ ከዛሬ በኋላ ጉድጓዱን ሊሸሸው ይሞክራል። እሺ እንዳትለው፤ ቀጥ ብላችሁ ግቡበት። ቸርኬው ቢጣመም በነፃ እናቃናለን።

መንገድህን ሁሉ ደልዳላ ያድርግልህ፤ ከኛ ደጅ በቀር ጉድጓድ አይግጠምህ።

ታናሽ እህትህና የአባዬ ጆሮ፣
ጦጣዋ