በደረቅ መሬት ላይ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር

ሰኔ 5፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዜሮ። ዛሬም።

ደብተሬ፣ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል አቀበቱን በእግር። ጫማዬ አቧራ ብቻ። በሰኔ አቧራ። የዝናብ መለኪያው እንጦጦ ላይ ባለች ትንሽ ቤ/ክ ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ ጥግ ነው የቆመው፤ አፉ ሰፊ የሆነ የቆርቆሮ ዕቃ። ሥራዬ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያጠራቀመውን ለክቼ፣ ደፍቼ፣ ቁጥሩን ለመ/ቤት መላክ። ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ ለስድስት ወር። እስካሁን የላክኩት ሁሉ ዜሮ። እህቴ ሊያ «የባዶ ጣሳ ኢንጂነር» ትለኛለች።

ግን ጭጋጉ! ከዛፎቹ ሥር ሲሳብ፣ ከተማው ከታች ቀስ ብሎ ሲጠፋ... እግዚአብሔር እጁን ከደመናው ሊያወጣ ትንሽ የቀረው ይመስለኛል። በየቀኑ ትንሽ የቀረው።

ሰኔ 7፣ ከሰዓት

ጋሽ በዳዳ ጠሩኝ። ማሳቸው ከቤ/ክ አጥር ቀጥሎ ነው። ያላቸው ዘር አንድ ጆንያ ገብስ፣ ከአምናው ያስቀሩት፤ ሌላ የለም። በደረቁ ቢዘሩት ወፍ ይለቅመዋል። ቢያዘገዩት ሳይደርስ ውርጭ ይመታዋል። መቼ ይዘንባል? ስለ እርጥበትና ስለ ነፋስ አቅጣጫ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰሙኝና፣ የተማረ ሰው ስለ ዝናብ ሲጠየቅ ነፋስ ይመልሳል አሉ። ሳቅኩ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። ቁርጡን እስክነግርዎ ይጠብቁኝ አልኳቸው።

ማን ነኝ ብዬ?

ሰኔ 9፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬ ምህላ ነበር። ሰው በጾም አፉ ግቢውን ሞልቶ ተንበረከከ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሟል። እግዚኦ ሲሉ መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። እኔም ተንበረከክኩ። ማዕበል በአንድ ቃሉ ጸጥ የሚልለት፣ አንድ ኮረብታ ማርጠብ ለእርሱ ምኑ ነው?

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተሬ። እንደ ጌዴዎን ጠየቅኩት። ጌዴዎን የበግ ፀጉር አውድማ ላይ አኑሮ፣ ዙሪያው ደረቅ ሆኖ ፀጉሩ ብቻ በጠል እንዲርስ ለምኖ የለ? እኔ በግ የለኝም። በመለኪያዬ ምልክት ስጠኝ አልኩ።

ሰኔ 10፣ ጠዋት 3፡20

14 ሚ.ሜ.!!!

መሬቱ ደረቅ። ቅጠሉ ደረቅ። የቤ/ክኑ ጣሪያ ደረቅ። መለኪያዬ ውስጥ 14። ሁለቴ ለካሁት። ስደፋው አፈሩ ወዲያው ጠጣው። ለመ/ቤት 14 ብዬ ላክኩ። ማብራሪያ የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ምን ይጻፍበታል?

10 ሰዓት። ለጋሽ በዳዳ ነገርኳቸው። ምልክት ለምኜ ምልክት ተሰጠኝ፣ ይዝሩ አልኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። በዓይንሽ አይተሻል? አሉኝ። አይቻለሁ። ነገ በሬ ይጠምዳሉ።

ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። ሊያ ፊቴን አይታ፣ ማነው እሱ አለችኝ። ዝናብ ነው አልኳት።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል፣ ጠዋት

ትናንት ዜሮ ነበር፣ ዛሬ 9 ሚ.ሜ.። መሬቱ አሁንም ደረቅ። ቆሜ ስደነቅ እማሆይ መጡ፤ ግቢው ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት መነኩሴ ናቸው። ጠጣሽው ወይ አሉኝ። ምኑን?

«ጸበሉን ነዋ። ሰው ሁሉ ጄሪካኑን ትቶ ሲሄድ እንሞላለታለን። አንቺ ግን ዕቃሽን እዚያ ጥግ አቁመሽ፣ በየጠዋቱ ባዶውን አይተሽ ስትመለሺ አንጀቴን በላሽው። እኔው ጨመር አደረግኩልሽ። ደግሞ ሲያልቅብሽ ትናንት ማታ ደገምኩልሽ።»

ደፋሁት አልኳቸው። ጸበል፣ መሬት ላይ! ተቆጡኝ። ልቤ ማሳው ዘንድ ሄዷል።

6 ሰዓት። ሮጬ ደረስኩ። ጋሽ በዳዳ ትናንት ዘርተው ጨርሰዋል። ጆንያው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ ባዶውን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያየሁት የእማሆይን ርኅራኄ እንጂ የሰማይ መልስ እንዳልነበረ።

«እግዜርን ምስክር ጠርተሽ ነበር እኮ የነገርሽኝ» አሉ።

ስድብ በተሻለኝ። አለቀስኩ። ቆይተው፣ ይህን ሌላ ሰው ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ብቻ አልኩ። ታዲያ ባትነግሪኝ ምን ነበረበት? ወደ ማሳው ዞሩ። ዘሩ እስከ ሃያ አንድ ማርያም ይታገሣል፣ ወፍ ካልቀደመው አሉ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ወፍ የሚያባርር ሰው የላቸውም።

አሁን ይዘንባል ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

ሰኔ 13፣ 5 ሰዓት

ዜሮ። እውነተኛ ዜሮ። 14ቱንም 9ኙንም ሰርዙልኝ ብዬ ለመ/ቤት ጻፍኩ። አለቃዬ ደወለ። ምክንያቱን ስነግረው፣ ጾሙ ጠንቶብሽ ይሆን አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ የሚያስቀረኝ አይመስለኝም።

እማሆይን ይህ ዕቃ የሰማይ ብቻ ነው አልኳቸው። እንግዲያውስ ለምኜ አስሞላልሻለሁ አሉ። አልተቀየሙኝም።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። በጀልባዋ ውስጥ የነበሩት ደቀ መዛሙርት ባሕሩ በስንት ሰዓት ጸጥ እንደሚል ማን ነገራቸው? ከእርሱ ጋር ነበሩ፣ በቃ። እኔ ግን እግዚአብሔር ቀድሞ ሪፖርት እንዲልክልኝ ፈለግኩ፤ እኔ ለመ/ቤት እንደምልከው። ደመናው የእርሱ ነው። ዛሬም አምናለሁ፤ ከትናንቱ በላይ እንጃ፣ ግን ጸጥ ባለ ልብ።

ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ማርያም፣ ሦስት ሰዓት ላይ ለክቼ ስጨርስ ማሳው ዳር እውላለሁ። ዲግሪ ይዤ ወፍ ጠባቂ። ሊያ ስትሰማ ምን እንደምትለኝ ይታየኛል። ጋሽ በዳዳ ሲያዩኝ በርጩማ አምጥተው ዛፉ ሥር አስቀመጡልኝና ገቡ።

ይኸው ተቀምጫለሁ። አፈሩ ሞቃት ነው። ከሥሩ አንድ ጆንያ ገብስ ተኝቷል። በካራ በኩል ደመና ቆሟል፣ ትልቅ፣ ሆዱ የጠቆረ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ማለት እንዴት ቀላል ነው፣ ደብተሬ፤ አላውቅም። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያወዛውዘው ልክ እንደ

ርግቦች። ሰባት፣ ስምንት፣ ማሳው ላይ እያረፉ ነው። ልነሳ፣